ስቲመር ወይስ ካውያ? ለእንጅባራና ለዳንግላ የልብስ ነጋዴዎች የግዢ ትምህርት

የልብስ ገበያ የዓይን ገበያ ነው። ከመርካቶ በማዳበሪያ ታጭቆ በመኪና ጣሪያ ላይ ተጭኖ እንጅባራ የሚደርስ ሸሚዝና ቀሚስ ሲራገፍ ተኮማትሮ ይገኛል። እንዲሁ ቢሰቀል ደንበኛው ሳልባጅ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ወይም ዋጋውን ከግማሽ ጀምሮ ይጠራል። ያው ልብስ ተስተካክሎ ሲሰቀል ግን ሌላ ዕቃ ይመስላል። ስለዚህ ልብስ ማስተካከል ለነጋዴው ከሥራው አንዱ ክፍል እንጂ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ይህን ሥራ በአዊ ዞን ከተሞች ለረጅም ጊዜ የያዘው የከሰል ካውያ ነው። ከሰሉም ሩቅ አይደለም፤ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል የሚገኘው የፋግታ ለኮማ ወረዳ “ዲከረንስ” ከሚባለው የግራር ዘር በሚያመርተው ከሰል የታወቀ ነው። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ካውያ መጣ። አሁን ደግሞ በገበያ “ስቲመር” የሚባለው፣ ልብሱ እንደተሰቀለ በእንፋሎት የሚያስተካክለው መሣሪያ በየኤሌክትሮኒክስ መደብሩ ይታያል። ሻጩ “ካውያ ቀረ፣ ይህ ሁሉንም ይሠራል” ይላል። ገዢው አምኖ ገንዘቡን ያወጣል፤ ከሳምንት በኋላ የጥጥ ሱሪ መስመር አልወጣለት ሲል መሣሪያውን ጥግ ያስቀምጠዋል። ለትንሽ ሱቅ ይህ የአንድ ወቅት ትርፍ ሊሆን የሚችል ገንዘብ ነው። በዛሬው ገጻችን መሣሪያው ለማን እንደሚያዋጣ፣ ሲገዛ ምን መታየት እንዳለበትና እንዴት እንደሚያዝ እናያለን።

ዕቃው ምንድን ነው?

ስቲመር ከውስጡ ሲታይ የውሃ ማፍያ ነው። ውሃ የሚይዝ ታንክ፣ ውሃውን የሚያፈላ የኤሌክትሪክ ማሞቂያና እንፋሎቱ የሚወጣበት አፍ አለው። ሁለት ዓይነት በብዛት ይገኛል። አንደኛው በእጅ የሚያዝ ትንሹ ነው። ሁለተኛው ታንኩ መሬት ላይ ተቀምጦ እንፋሎቱ በቱቦ የሚመጣ፣ ልብስ መስቀያ እንጨት ወይም ብረት ያለው ባለ መቆሚያው ነው።

ልብስ የሚኮማተረው ክሩ ተጣጥፎ በዚያው ቅርጽ ስለሚይዝ ነው። ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲገቡ ክሩ ይላላል፤ ልብሱም በራሱ ክብደት ወደ ታች ሲጎተት መጨማደዱ ይለቃል፤ ሲደርቅም በተስተካከለው ቅርጽ ይጸናል። ካውያ በዚህ ላይ ሦስተኛ ነገር ይጨምራል፤ እርሱም ክብደት ነው። ጠፍጣፋውና የጋለው ብረት ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ይጫነዋል። ስቲመር ሙቀትና እርጥበት ይሰጣል እንጂ አይጫንም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ለየትኛው ልብስ?

የሱፍ ኮትና ሙሉ ልብስ፣ ሹራብ፣ ሐር፣ ከፋይ፣ የሙሽራ ቬሎ፣ ስስ የፖሊስተር ቀሚስ፣ ከረባት፣ እነዚህ ለስቲመር የተፈጠሩ ናቸው ማለት ይቻላል። ሱፍ በካውያ ሲነካ ያብለጨልጫል፤ ከፋይ ጸጉሩ ይተኛል፤ ቬሎ ደርቡ ብዙ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ አይዘረጋም። ፖሊስተርም ካውያው ጥቂት ከጋለ ይቀልጣል። በእንፋሎት ግን እንደተሰቀለ ይስተካከላል።

የጥጥ ሸሚዝ፣ ካኪ ሱሪ፣ የተማሪ ዩኒፎርምና የአልጋ ልብስ የካውያ ናቸው። የሸሚዝ ኮሌታና የሱሪ መስመር ክብደት ይፈልጋል። ስቲመር መጨማደዱን ያቀንሰዋል እንጂ መስመር አያወጣም። በልብስ ስፌት ቤትም እንዲሁ ነው፤ የተሰፋን ጠርዝ ገልጦ ማስተኛት ካለ ካውያ አይሆንም። ለልብስ ሰፊ የሚሻለው የውሃ ጠርሙሱ ከላይ ተንጠልጥሎ በቱቦ የሚወርድለት የእንፋሎት ካውያ ነው፤ እንፋሎትም ክብደትም ይሰጣል።

የሐበሻ ቀሚስ በመካከል ይቆማል። ገላው ጥጥ ስለሆነ ካውያ ይወዳል፤ ጥበቡ ግን ቀለም ያለውና የሚያብረቀርቅ ክር ስለሆነ የጋለ ብረት ይጎዳዋል። ጥበቡን ከጀርባው በኩል በእንፋሎት፣ ገላውን እርጥብ እንዳለ በካውያ ማስተካከል ይሻላል። ቀለሙ እንዳይለቅ አስቀድሞ በማይታይ ጠርዝ ላይ መሞከር ይገባል። በሙጫ የተለጠፈ ፈርጥ ያለበት ልብስ፣ ቆዳና የፕላስቲክ ዝናብ ልብስ ግን ከእንፋሎት መራቅ አለባቸው።

ስለዚህ ገዢው መደብር ከመሄዱ በፊት በሱቁ ውስጥ የተሰቀለውን ይቁጠር። ከአሥር ልብስ ስድስትና ሰባቱ ከመጀመሪያው ዝርዝር ከሆነ ስቲመር ያዋጣዋል። አብዛኛው ጥጥ ከሆነ ደህና የእንፋሎት ካውያ ይግዛ።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር

በሳጥኑ ላይ ብዙ ነገር ይጻፋል። ለገዢው የሚጠቅሙት ሦስት ናቸው፤ ዋቱ፣ የታንኩ መጠንና በደቂቃ የሚሰጠው የእንፋሎት ግራም።

እዚህ ላይ ማንም ሻጭ ሊለውጠው የማይችል ሂሳብ አለ። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ በሙሉ እንፋሎት ለማድረግ 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ከዚህ ተነሥተን ስናሰላ 1 ሺህ ዋት የሆነ ማሞቂያ ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው እንፋሎት በደቂቃ ከ24 ግራም አይበልጥም። 1 ሺህ 500 ዋት ከሆነ 35 ግራም፣ 2 ሺህ ዋት ከሆነ 47 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ በ1 ሺህ ዋት በደቂቃ 40 ግራም እሰጣለሁ የሚል ሳጥን ወይ ለቅጽበት የሚወጣውን ነው የሚናገረው፤ ወይ ውሸት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይቶ ማየት የዕቃውን ብቻ ሳይሆን የአምራቹንም ታማኝነት ይነግራል።

የታንኩን መጠን ለእንፋሎቱ ማካፈል የሥራ ሰዓቱን ይሰጣል። 150 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የእጅ ስቲመር በደቂቃ 20 ግራም ቢያወጣ በሰባት ደቂቃ ተኩል ባዶ ይሆናል። ይህ አንድ ወይም ሁለት ልብስ ነው። ለመንገደኛና ለቤት ይበቃል፤ ለሱቅ ግን አይሆንም። አንድ ሊትር ተኩል የሚይዝ ባለ መቆሚያ በደቂቃ 30 ግራም ቢሰጥ 50 ደቂቃ ይሠራል። ለቡቲክና ለሙሽራ ልብስ አከራይ የሚስማማው ይህ ነው።

ሻጩ ከፈቀደ መደብሩ ውስጥ መሞከር ከሁሉ ይሻላል። የሚታወቅ መጠን ያለው ውሃ ይጨመር፤ እንፋሎት መውጣት ከጀመረ በኋላ አሥር ደቂቃ ይሥራ፤ ከዚያ ተነቅሎ ይቀዝቅዝና የቀረው ይለካ። 300 ሚሊ ሊትር ከጎደለ በደቂቃ 30 ግራም ማለት ነው። በሙከራው ጊዜ ከአፉ ውሃ የሚተፋ ከሆነ ልብስ ላይ ጠብታ ይጥላልና ይቅር።

የደጋው ነገር

የእንጅባራ፣ ነባሮቹ ኮሶበር የሚሏት ከተማ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ላይ ነው። ወደ 2 ሺህ 100 ሜትር ላይ ባለችው በዳንግላ 93 ዲግሪ ይደርሳል። ልዩነቱ ሥራውን አይከለክልም፤ ዋናው ሙቀት ያለው እንፋሎቱ ጨርቁ ላይ ተመልሶ ውሃ ሲሆን በሚለቀው ኃይል ውስጥ ነውና። ይሁን እንጂ አየሩም ቀዝቃዛ ስለሆነ እንፋሎቱ ረጅም ቱቦ ውስጥ እያለ ይበርዳል፤ ውሃም ሆኖ ይጠራቀማል። ቱቦው በመካከል ከረገበ ያ ውሃ ድንገት ልብሱ ላይ ይተፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቱቦው ሽፋን ያለውን መምረጥ፣ በሥራ ጊዜ ቱቦው ቀጥ ብሎ ወደ ታንኩ እንዲያዘቀዝቅ ማድረግ፣ የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ እንፋሎት ደግሞ ወደ ባልዲ ወይም ወደ አሮጌ ጨርቅ መልቀቅ።

የአዊ ክረምትም ሌላ ነገር ያስታውሳል። ዝናቡ ሲከርም ልብስ አይደርቅም፤ አንዳንዱ ስቲመር ያደርቅልኛል ብሎ እርጥብ ልብስ ላይ ይለቀዋል። ስቲመር እርጥበት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የታፈነ ሽታን ጥቂት ያቀልላል፤ ግን አያጥብም። እንዲያውም እድፍ ያለበት ልብስ ላይ ሙቀት ሲያርፍ እድፉን ያጸናዋል። መጀመሪያ ታጥቦ መድረቅ፣ ከዚያ እንፋሎት።

መብራትና ሽቦ

1 ሺህ 800 ዋት የሆነ ስቲመር በ220 ቮልት ላይ ከ8 አምፔር በላይ ይስባል። ይህ የምድጃ ያህል ጭነት ነው። ቀጭን ሽቦ ባለው ማከፋፈያ ላይ ከቡና ምድጃ ጋር ከተሰካ ሽቦው ይግላል፤ ጨርቅ በሞላበት ሱቅ ውስጥ የጋለ ሽቦ ምን እንደሚያመጣ መናገር አያሻም። ግድግዳ ላይ ካለ ሶኬት በቀጥታ መሰካት፣ ማከፋፈያ ግድ ከሆነ ቢያንስ ባለ 1.5 ካሬ ሽቦ የሆነውን መያዝና ብቻውን መሰካት ይገባል። ሶኬቱ የመሬት ሽቦ ያለው መሆኑን ባለሙያ ይይለት። ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ባሉበት ዕቃ ይህ ቀልድ አይደለም።

መብራት ሲደክም ደግሞ መሣሪያውም ይደክማል። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ የማሞቂያው ኃይል በሦስተኛ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ 1 ሺህ 800 ዋት የተባለው 1 ሺህ 200 ሆኖ ይሠራል። ማታ ማታ መብራት የሚደክምበት ሰፈር ያለ ነጋዴ ሥራውን ጠዋት ቢያደርግ ልዩነቱን ያየዋል። መብራት ሲጠፋም ፊሹን መንቀል ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላልና።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ስቲመር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጀርባው “120 ቮልት” ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ሲሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይወስዳል፤ በደቂቃ ውስጥም ይቃጠላል። ለዚያ ዋት የሚበቃ ትራንስፎርመር መግዛት ደግሞ ብዙውን ጊዜ አዲስ ስቲመር ከመግዛት አይረክስም።

አጠቃቀሙ

ልብሱ በመስቀያ ይሰቀል፤ ቁልፉ ይቆለፍ፤ ኪሱ ይፈተሽ። እንፋሎቱ ደህና አድርጎ መውጣት እስኪጀምር ይጠበቅ። ከዚያ በአንድ እጅ የልብሱን ጫፍ ጠበቅ አድርጎ ወደ ታች እየሳቡ፣ በሌላው እጅ አፉን ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ማውረድ ነው። ቸኩሎ ወደ ላይ ወደ ታች መመላለስ ልብሱን ያረጥበዋል እንጂ አያስተካክለውም። ጥጥ ከሆነ አፉ ጨርቁን ሊነካ ይችላል፤ ሐርና ቬሎ ከሆነ ሁለትና ሦስት ጣት ያህል ይራቅ፤ ከፋይ ከሆነ ከውስጥ በኩል ይሠራ።

የሱፍ ኮት ትከሻና ደረት ላይ ብዙ መቆየት አይገባም። ኮቱ ውስጥ በሙቀት የተጣበቀ ማጠንከሪያ ጨርቅ አለ፤ እንፋሎት ሲበዛበት ይለቅና ደረቱ ላይ አረፋ የመሰለ እብጠት ያወጣል። ያ ደግሞ አይመለስም።

ልብሱ ከተስተካከለ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ተሰቅሎ ይቆይ። ወዲያው የታጠፈ ወይም ፌስታል ውስጥ የገባ ልብስ ገና እርጥብ ስለሆነ እንደገና ይኮማተራል፤ ሲብስም ይሻግታል። ብዙዎች “ስቲመሩ አይሠራም” የሚሉት በዚህ ስሕተት ነው።

እንፋሎት ሳይታይ የሚያቃጥል ነገር ነው። ሰው የለበሰውን ልብስ በላዩ ላይ እንዳለ ማስተካከል ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ሙሽራዋ ብትቸኩልም ታውልቅ። ታንኩ የሚከፈተው ተነቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የእጁ ስቲመር ሲሠራ ወደ ጎን ከተጋደመ የፈላ ውሃ ይተፋል። ሕፃናት ከአጠገቡ ይራቁ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ቢዘረዘርም ከከሰል ካውያ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ጥቅም አለ። የእንጅባራ ብርድ ሲበረታ ሱቁን ዘግቶ በከሰል ካውያ የሚሠራ ሰው አለ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ ራስ ያዞራል፣ ያስተኛል፣ ይገድላልም። ከሰል የሚጠቀም ሰው በርና መስኮት ከፍቶ ይሥራ። ፍንጣሪ የወደቀበት ቬሎም የማን ዕዳ እንደሚሆን የሚያከራየው ሰው ያውቀዋል።

ውሃው

ስቲመርን ቶሎ የሚገድለው ጠጣር ውሃ ነው። የቤቱ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ያው ቅርፊት በስቲመሩ ማሞቂያ ላይም ይጋገራል፤ እንፋሎቱ ይቀንሳል፤ ልብስ ላይም ነጭ ነጠብጣብ ይጥላል። በዚህ ረገድ ዝናብ የበዛበት አገር ዕድለኛ ነው። ጣሪያው ከታጠበ በኋላ የተቀበሉት የዝናብ ውሃ ለስላሳ ነው። ካደረ በኋላ ከላይ የጠለለው በንጹሕ ጨርቅ ተጣርቶ ቢጨመር ለማሞቂያው ከቧንቧውም ከጉድጓዱም የተሻለ ነው። ሽቶ፣ ሳሙናና የልብስ ማለስለሻ ግን ታንኩ ውስጥ አይገቡም።

ቅርፊት ከያዘ አንድ እጅ ነጭ ኮምጣጤ በሁለት እጅ ውሃ በጥብጦ ታንኩ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያ ደፍቶ ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል። መመሪያው ኮምጣጤ የሚከለክል ከሆነ ግን መመሪያው ይከበር። ማታ ሥራ ሲያልቅ ውሃውን ደፍቶ ማደር ደግሞ ወጪ የሌለው ጥገና ነው።

ያዋጣል ወይ?

የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ስለማይረጋ እዚህ የዋጋ ዝርዝር አላወጣንም። ስሌቱን ግን ማንም ሊሠራው ይችላል።

ለኤሌክትሪኩ፣ 1 ሺህ 800 ዋት የሆነ መሣሪያ አንድ ልብስ ላይ አምስት ደቂቃ ቢሠራ 0.15 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ሃያ ልብስ 3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህን በቆጣሪው ደረሰኝ ላይ ባለው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሂሳብ ማባዛት ነው።

ለመሣሪያው፣ ለምሳሌ ያህል ዋጋው 12 ሺህ ብር ነው እንበል። ኤሌክትሪኩና የሠራተኛው ተቀንሶ ከአንድ ልብስ 15 ብር የሚተርፍ ከሆነ ገንዘቡ የሚመለሰው 800 ልብስ ሲሠራ ነው። በቀን አሥር ልብስ የሚያገኝ በ80 የሥራ ቀን ይመልሳል። በቀን ሦስት ብቻ የሚያገኝ 267 ቀን ይፈጅበታል፤ ያኔ የሻጩ ዋስትናም ሊያልቅ ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው ከጎረቤት ሱቅ ጋር ተጋርቶ መግዛት ይሻላል።

ሥራው ዓመቱን ሙሉ እኩል እንዳልሆነም ማሰብ ያስፈልጋል። የጥር ሠርግ፣ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሰኛውም ተመልካቹም ደህና ልብሱን የሚያወጣበት የአገው ፈረሰኞች በዓል፣ ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ወራት፣ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ምርቃት፣ እነዚህ የልብስ ወቅቶች ናቸው። ስቲመር የሚገዛ ሰው ከታኅሣሥ ሳያልፍ ቢገዛና እጁን ቢያለማምድ ይሻላል። የሠርግ ዋዜማ የመማሪያ ቀን አይደለም።

ሲገዛም ደረሰኝ መቀበል፣ ዋስትናው በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ፣ መለዋወጫ ቱቦና የታንክ ክዳን መኖሩን ማረጋገጥ አይረሳ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደረሰኝ የሸማቹ መብት መሆኑን ደንግጓል። ደረሰኝ የሌለው ገዢ ዕቃው ሲበላሽ የሚከራከርበት ወረቀት የለውም።

ባጭሩ፣ ቬሎ የሚያከራይ፣ ሱፍና ስስ ቀሚስ የሚሸጥ ነጋዴ ባለ መቆሚያ ስቲመር ይግዛ፤ ዋቱንና ግራሙን አስተያይቶ። ልብስ ሰፊው የእንፋሎት ካውያውን ይያዝ። ላውንድሪ የከፈተ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ግን ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ካውያው ይቅደም፤ ወደ ላውንድሪ የሚመጣው ሸሚዝና ሱሪ ይበዛልና። “ሁሉንም ይሠራል” የሚል ሻጭ ሲያጋጥም አንድ ካኪ ሱሪ አቅርቦ “እስቲ መስመሩን አውጣልኝ” ማለት ነው።

ቸር ገበያ።